ጨረቃ የቀደመችን አረፋ

እማማ ዘምዘም ቡታጅራ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ለጎረቤት ልጆች እንደተጫወቱት። ቃሉ የእሳቸው ነው።

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዱባይ መሄድ ዛሬ እንደምታዩት ልጅቷ ጧት ሻንጣዋን እየጎተተች ባጃጅ ላይ ዘላ የምትወጣበት ነገር አልነበረም። ምን ነካችሁ! እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሸኘኝ። መናኸሪያ ድረስ መጡ። አክስቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቱ ያለቅሳል፣ አንዷማ ለካ የምሄድበትን አታውቅም፣ ከሁሉ በላይ እያለቀሰች "ግን ማን ነው የሞተው?" ትላለች! ወላሂ እውነቴን ነው!

እና አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ፣ የአገሬን ሰው ብፈልግ ብፈልግ አንድ የወልቂጤ ሰውዬ ብቻ አገኘሁ። ወልዴ ይባላል፣ ጫማ ነጋዴ ነው። የቀረው ፈረንጅ ነው፣ ህንድ ነው፣ ዐረብ ነው። ታዲያ ተያየን፣ በጉራግኛ ሰላም ተባባልን፣ በቃ ዘመድ ሆንን። በሁለተኛው ዓመት ቆጠርኩ፣ አስር ደርሰናል። ከዚያ በኋላማ መቁጠሩንም ተውኩት። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ጫማ የሚሸጠው፣ እንሴኖ ገበያ በርበሬ የምትሰፍረው ሳትቀር፣ ዱባይ! ዱባይ! አውሮፕላኑ የቡታጅራ አውቶብስ ሆነ። ከፊት የተቀመጠችው ከኋላ ያለችውን ትጣራለች።

"ራህማ! ልጅሽ ወለደች እንዴ?"

"ወለደች! ወንድ ነው!"

"አልሐምዱሊላህ!" ይላል አውሮፕላኑ በሙሉ። ቆጮው ከየቦርሳው ይወጣል። አስተናጋጇ ምግብ ይዛ ስትመጣ "ነይ ልጄ፣ አንቺ ቀድመሽ ቅመሽ" ትባላለች። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ህንድ ቆጮ በሚጥሚጣ አጎረስነው፣ ዱባይ እስክንደርስ ውሃ ሲለምን ነበር፣ ሃሃሃ!

እና መንገደኛውም በየዓመቱ ይለወጥ ነበር፣ ይሄን ልብ በሉ። መጀመሪያ እኛ ነጋዴዎቹ ነን። ቀጥሎ ለቤት ሥራ የሚሄዱ ልጆች መጡ፣ ትንንሽ ልጆች፣ እኛ ስንጮህ እነሱ ዝም፣ መስኮቱን ብቻ ያያሉ። ቆጮ ስናካፍላቸው ነው የሚያለቅሱት። ቀጥሎ ለሕክምና የሚሄድ መጣ፣ ቀጥሎ ሙሽራ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ እዚያ የኖሩት ልጆቻቸውን ይዘው ለበዓል ወደዚህ መጉረፍ ጀመሩ። ወዲያ የሚሄደው ወዲህ ከሚመጣው ጋር ቦሌ በር ላይ ይጋፋል። የእኔማ ቤት ሰው "ዘምዘም የት ሄደች?" ሲባል "ዱባይ ናት፣ ሐሙስ ትመጣለች" ይላል፣ እንደ እንሴኖ ገበያ!

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ስሙኝ።

ባሌ ከሞተ በኋላ አራት ልጅ ያሳደግኩት በዚያ መንገድ ነው። ሂጃብ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የሕፃን ልብስ አመጣለሁ፣ ቡታጅራና ወልቂጤ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም። ታዲያ ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ፣ አላህ ይማረው፣ ይሄን ነገር አልወደደውም። አባቴ ጆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ ነው የሚውለው። "አባ፣ ይቺ ሴትዮ ዕቃ ለመደች። ዕቃ የለመደች ሴት ቤቷን ትረሳለች። አንድ ቀን እዚያው ቀልጣ ትቀራለች!" በየቀኑ ነው የሚለው፣ "ቀልጣ ትቀራለች!"

አባቴ የበርበሬ ገበሬ ነው፣ ብዙ አይናገርም። አንድ ልማድ ግን ነበረው። በእኛ ቤት የአረፋ በሬ የሚታረደው ልጆቹ በሙሉ ገመዱን ሲይዙ ነው። ወንድ ሴት የለም። ሰባት ነን፣ ሰባት እጅ ገመዱ ላይ ካላየ ቢላ አያነሳም። አንድ ዓመት ትንሹ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ዘግይቶ እስከ ከሰዓት ቆመን ጠብቀነዋል፣ በሬው ሣሩን ሲበላ ዋለ፣ እኛ ጦማችንን!

እና የሸምሱ ወሬ ሲበዛበት አባቴ ጠራኝ። "ዘምዘም፣ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን አንድ አረፋ እጅሽን ገመዱ ላይ ያጣሁ ዕለት ዱባይን ትተያለሽ። ማይልኝ" አለኝ። ምን ላድርግ? ሸምሱ አጠገቡ ቆሞ ያየኛል። ወላሂ ብዬ ማልኩ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ምን ሆነ? ትኬት ስንቆርጥ የአረፋ ጨረቃ ገና አልታየችም። እኛ በጣታችን ቆጠርን፣ አረፋ ሐሙስ ይሆናል አልን፣ መመለሻውን ረቡዕ ጧት አደረግን። ሁላችንም! አንድ ብልጥ እንኳ የለም! ደይራ፣ የዱባይ ገበያ፣ ሄደን ዕቃ ስንመርጥ፣ ስንከራከር፣ ጨረቃዋ ታየች ተባለ፣ አረፋ ረቡዕ ሆነ። በአንድ ቀን ቀደመችን! እኔ በእጄ የያዝኩትን ጨርቅ ጣልኩት። ባለ ሱቁ ዋጋው ያስደነገጠኝ መስሎት ቀነሰልኝ፣ ሃሃ! ማን ሊገዛው!

ትኬት ለመቀየር ብንሄድ እስከ በዓሉ ሞልቷል ተባልን፤ እና ማክሰኞ ጧት፣ ቦታ ቢገኝ ብለን፣ የረቡዕ ትኬት የያዝን አምስት ሰዎች ኤርፖርት ተገኘን። እኔ አለሁ፣ ራህማ አለች፣ ሁለት የመርካቶ ጎረምሶች አሉ፣ ከሁላችን ፊት ደግሞ የእንሴኖው ሐጂ ነስሩ አሉ፣ ጢማቸው ነጭ። ትኬት የምታየዋ ልጅ የአገራችን ልጅ ናት፣ ቆንጆ፣ ትዕግሥቷ አያልቅም።

"እትዬ፣ የእርስዎ የነገ ነው። የዛሬው ሞልቷል።"

"ልጄ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።"

"አውሮፕላን ላይ ቆሞ አይኬድም እትዬ!"

"በቃ ሻንጣዬ ላይ እቀመጣለሁ።"

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን አልቅሼ ነበር፣ ሸምሱ ነው የሚታየኝ፣ "ቀልጣ ቀረች!" ሲል።

ታዲያ ያ ወልዴ፣ የወልቂጤው፣ የማክሰኞ ትኬት ይዞ ከኋላችን ተሰልፎ ኖሯል። "ምን ሆናችሁ?" አለ። ነገርነው። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። "እኔ ነገ እሄዳለሁ። የእኔ መስቀል ነው፣ መስቀል ደግሞ ሩቅ ነው። ግን መስከረም ላይ እኔ እንዲህ ብቆምስ?"

"እንነሳልሃለን!" አልን አምስታችንም አንድ ላይ፣ ኤርፖርቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

እሺ፣ አንድ ቦታ ተገኘ። አምስት ሰው ነን። ተራው የሐጂ ነስሩ ነው፣ ልጅቷም "አባባ፣ ፓስፖርትዎን ይስጡኝ" አለች። እሳቸው አልሰጡም። ዞሩና "ቁጭ በሉ" አሉን። ቁጭ አልን! በየሻንጣችን ላይ ክብ ሠርተን፣ እዚያው ልጅቷ ፊት፣ እንደ ሰፈር ሽምግልና! ልጅቷ "ኧረ አባባ፣ ይሄ ኤርፖርት ነው!" ትላለች። ፖሊስ መጣ። ሐጂ በዐረብኛ "ሽማግሌ ተቀምጠናል፣ ቶሎ እንጨርሳለን" አሉት። ሰውዬው ሰዓቱን አየና ሄደ።

"ማን ነው ቤት የሚጠብቅህ?" አሉት አንዱን ጎረምሳ።

"ሚስቴ፣ ሐጂ።"

"ሚስት ሳምንት ታኮርፋለች፣ ከዚያ ይበርድላታል። አንተስ?"

"እናቴ።"

"እናት ይቅር ትላለች፣ እኔ ደውዬ እለምናታለሁ። ራህማ?"

"እኔ እንኳ የልጅ ልጆቼ ናቸው፣ ልብስ ካመጣሁላቸው ማን እንደቀረ አይጠይቁም" አለች፣ ሳቅን።

"ዘምዘም፣ አንቺስ?"

"አባቴ" አልኩ። የገመዱን ነገር ነገርኳቸው። ሰባቱን እጅ ነገርኳቸው። መሐላዬን ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። "እኔን ገመድ ላይ የሚፈልገኝ ሰው ከሞተ ቆይቷል" አሉ። "አሁን ገመዱን እኔ ነኝ የማስይዘው። ልጆቼ አንድ ቀን ቢጠብቁኝ በሬው አይሸሽም። የሚጠብቃት አባት ያላት ትሂድ።" ተነሱ፣ ለልጅቷም "ተራዬን ለዚች ሰጥቻለሁ፣ ጻፊያት" አሏት።

ልጅቷ ጻፈች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ግን "እትዬ፣ ጭነቱ ተዘግቷል፣ ሻንጣ አይሄድም። እርስዎ ብቻ" አለችኝ። ልጆቼ፣ የዚያ ዓመት ሥራዬ በሙሉ በሁለት ሻንጣ ነው! አየሁት። ሐጂ ሳልናገር ሻንጣዎቼን ወደሳቸው ሳቡ፣ አንዱ ላይም ተቀመጡበት። "ሂጂ እንጂ! ምን ታዪዋለሽ! ሻንጣ እንደ በሬ አይታረድ!" ብለው ተቆጡኝ። ሮጥኩ! እንዲህ በዚህ እግሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ!

ቦሌ ወረድኩ፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ሰው እንደ ንብ ነው፣ ሁሉም ለአረፋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ለአራት ተጣበን፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ሲል፣ ቤት ደረስኩ። ሸምሱ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላዬ አየ፣ ከጎኔ አየ።

"ሻንጣሽስ?"

"ቀረ።"

"ከዱባይ ባዶ እጅ?"

"እጄን ነው የተባልኩት፣ ይኸው እጄ!" አልኩት። አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ሲስቅ ሰማሁት። በነጋታው ሰባት እጅ ገመዱ ላይ አረፈ፣ በሬው ታረደ፣ ሻንጣዎቼንም ሐጂ ኋላ ይዘውልኝ መጡ፣ አልሐምዱሊላህ።

አለቀ ትላላችሁ? ሸምሱ መች ይለቃል! ሥጋው እየተበላ "ዘንድሮ በሰው ምሕረት ደረሰች፣ ለከርሞስ ማን ይነሳላታል?" አለ። አባቴ እጁን ታጠበና "ያቺን የመንገድ ደብተርሽን አምጫት" አለኝ። ፓስፖርቴን ነው። ሊወስድብኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ሰጠሁት። ማንበብ አይችልም፣ ዘቅዝቆ ገለጠው።

"ይሄ ሁሉ ማህተም መሄድሽ ነው መምጣትሽ?"

"ሁለቱም ነው አባ። ይሄ መሄድ፣ ይሄ መምጣት።"

በጣቱ ጀመረ። መሄድ፣ መምጣት። መሄድ፣ መምጣት። ልጆቼም አጎቶቻቸውም ከበው ያያሉ። ቀስ ብሎ፣ ገጽ በገጽ፣ እስከ መጨረሻው።

"እኩል ነው" አለ። ደብተሩን መለሰልኝ። "እኩል እስከሆነ ድረስ ትሂድ።"

በቃ! ሸምሱ አላመነም፣ ተቀብሎ ራሱ እንደገና ቆጠረ! ከዚያ ወዲያ አባቴ እስኪሞት በመጣሁ ቁጥር "ምን አመጣሽልኝ?" የለም፣ "ደብተርሽን" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን "አንድ መምጣት ጎደለ!" ብሎ ጮኸ፣ ነፍሴ ልትወጣ፣ ለካ ሁለት ገጽ አጣብቆ ገልጦ ነው፣ ሃሃሃ!

ዛሬ መንገደኛው በዝቷል፣ ይብዛ፣ እኔ እወዳለሁ። ስንቱ ደብተር ላይ ግን መሄድ ብቻ አለ መሰላችሁ። እሱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ከልጆቹ ኋላ ቆሞ ሲሰማ የነበረው የሰፈሩ ሚኒባስ ሾፌር ከማል ጠየቃቸው፦ "አሁንስ እማማ፣ ከቤትዎ ማን ይመላለሳል?"

የልጄ ልጅ ናት። እኔም ስትመጣ "ደብተርሽን" እላታለሁ። "አያቴ፣ ዓይንሽ ደክሟል፣ ማህተሙ አይታይሽም" ትለኛለች። "ታዲያ በምን ልቁጠር?" ስላት ምን ትላለች፣ ይቺ ባለጌ፣ እላዬ ላይ ወድቃ እያቀፈችኝ፣ "እኔን ቁጠሪኛ!"