ሮዟ እንጉዳይና የኢድዋል ዳቦ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ኤሉኔድ ፓሪ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ፔንሪው መንደር፣ ምዕራብ ዌልስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኦክቶበር 26፣ ከቀኑ 11፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ሃውል ቶማስ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ዛሬ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው የበጎች መስክ ላይ "ስድስት ሰዎች የሚሞት ሰው እያዩ ዝም ብለው ሣር ይነጫሉ" ተብሎ በስልክ ለፖሊስ ስለቀረበው ጥቆማ ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ጥቆማውን ያቀረበችው ውሻዋን ይዛ በአጥሩ በኩል ታልፍ የነበረች ሴት ናት። ያየችውን ስለተናገረች አልቀየምኳትም። ሣር ግን አንነጭም ነበር። የመንደሩ የእንጉዳይ ተመልካቾች ማኅበር አባላት ነን። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ፣ ማዳበሪያ ነክቶት በማያውቅ መስክ ላይ የሚበቅሉትን እንጉዳዮች እየፈለግን ስማቸውን እንመዘግባለን። አንለቅማቸውም፣ አንበላቸውም።

ተጎጂው ኢድዋል ሞሪስ፣ ዕድሜው 76፣ አናጢ የነበረ ሲሆን፣ ከእኔ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት እንጉዳይ ፍለጋ አብሮ የወጣ ሰው ነው። የስኳር በሽተኛ ስለሆነ ኢንሱሊን ይወጋል። እንጉዳይ ሲመረምር በሆዱ ተኝቶ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ይቀብራል። ቦርሳውን ደረቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ዳቦው ሁልጊዜ ይጨፈለቅበት ነበር። በዚህ ምክንያት ምሳውን የምይዘው እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው የለም።

ከረፋዱ 4፡00 መስኩ ደረስን። 4፡40 ገደማ ኢድዋል ተኝቶ አንዲት አረንጓዴ እንጉዳይ በከንፈሩ ነካ። ጣት በብርድ ሲደነዝዝ፣ ግንዷ የሚያሙለጨልጭ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ከንፈር ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ኔሪስ አይታው፣ "ኤሉኔድ፣ ኧረ ቅኚ! ላንቺ የነፈገሽን ለሣሩ እየሰጠው ነው" አለች። "ዝም በይ አንቺ፣ አፍሽን ብርድ ይምታው" አልኳት። ሁሉም ሳቁ።

ልክ 6፡00 ሲሆን ኢድዋል ወደ እኔ መጥቶ "ራበኝ፣ ዳቦዬን" አለ። እዚህ ላይ የተናገርኩትን ማንም ባይጠይቀኝም አስመዘግባለሁ። ቆቧ እንደ ዳንሰኛ ቀሚስ የሚዘረጋ ሮዝ እንጉዳይ አለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ፈልጌ አንድም ቀን አላገኘኋትም። "ሮዟን ሳታገኝልኝ ዳቦ የለም" አልኩት። ቀልዴን ነበር። "አንቺ ጨካኝ ሴት፣ ብሞት በነፍሴ ትጠየቂያለሽ" ብሎ እየሳቀ ቁልቁል ወረደ።

6፡20 ላይ ከድንጋይ አጥሩ ሥር በሆዱ ተኝቶ አየሁት። በማኅበራችን የተኛን ሰው መረበሽ ነውር ነው፤ ብርሃኑን ይከልልበታል፣ ሐሳቡን ይበትንበታል። ስለዚህ ኔሪስም እኔም በእግር ጣታችን እየረገጥን በአጠገቡ አለፍን። እንዲያውም "ዛሬስ አንድ ነገር አግኝቷል" ተባባልን። ሰው ተደፍቶ ያየ ሌላ ሰው ይሮጥ ነበር፤ እኛ ድምፃችንን ቀነስን። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

6፡40 ባለውሻዋ ሴት የጠራችው አምቡላንስ መጣ። ሴትየዋ በስልክ "እንጉዳይ በልቶ ሳይሆን አይቀርም" ብላ ስለነበር ባለሙያዎቹ ስለ መርዝ ጠየቁን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "መርዝ አይደለም! ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ ነው፣ ምሳውን እኔ ነኝ የያዝኩበት!" ብዬ ጮኽኩ። ጣቱን ወግተው ሲያዩ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ወዲያው ስኳሩን ከፍ የሚያደርግ መርፌ ወጉት።

ቀና ሊያደርጉት ሲሉ ቀኝ እጁ እንደ ጎጆ ተደፍቶ ነበር። ከሥሩ ሮዟ እንጉዳይ ቆማለች፣ ጫፏ እንኳ አልተነካም። እየወደቀም እንዳትጨፈለቅ ከልሏታል። የገዛ ዳቦውን ሳይጨፈልቅ መያዝ የማይችል ሰው! ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት የፈለግኳት ፊቴ ቆማ እያለች ዓይኔ ከእሱ ፊት አልነቀል አለ።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዓይኑን ገለጠ። "አገኘሁልሽ" አለኝ። ቀጥሎ፣ "በይ እንግዲህ ዳቦዬን" አለ። ባለሙያዎቹ ግን ጊዜ አልሰጡንም፣ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ።

ቸልተኝነት ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ ነበር ብያለሁ። የመጀመሪያው የሃያ ደቂቃው ነው። ሁለተኛው፣ እንደምወደው ሳልነግረው ዐሥራ አንድ ዓመት መቆየቴ ነው። ኮንስታብሉ "ወይዘሮ ፓሪ፣ ይህኛውም ይጻፍ?" ብሎ ጠይቆኝ፣ ይጻፍ ብያለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የእኔው መሆኑን፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም እንደሌለ አረጋግጣለሁ። የሆስፒታሉ የጠያቂ ሰዓት ከምሽቱ 2፡00 ላይ ስለሚያበቃ፣ ዳቦውም እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ስለሆነ፣ በቶሎ እንድሰናበት አመለክታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኤሉኔድ ፓሪ

የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃውል ቶማስ፣ ኮንስታብል

ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከምሽቱ 12፡10 ላይ በጣቢያው መኪና ወደ ሆስፒታል ተወስዳለች። ዳቦው አልተጨፈለቀም።