የስለት ጃንጥላ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዲስ የስለት ጃንጥላቸውን ጉልበቴ ላይ አስደግፈዋል። ከወዲያኛው ጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ሴት ወሬ ጀመረች።

«ስለት ነው፣ እናቴ?»

«አዎ ልጄ፣ ለሞጣ ጊዮርጊስ።»

«ብቸናም ታቦት አለ እኮ።»

«እዚያማ ጎረቤቴ ታየኛለች።»

«ለመሆኑ ምን አደረገልዎት?»

«ልጄ የወጣቶች ማኅበሩ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ነው።»

«አሸነፈ ይበሉኛ!»

«ኧረ እሱስ ዓመቱን ሙሉ ሁለተኛ ነው። ብቸና ላይ የጎረቤቴ ልጅ ቀደመው፤ ደብረ ወርቅ ላይም ያው ልጅ። እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጥልቃ ነው። ደግሞ ‹ያንቺውስ ዛሬም ሁለተኛ ነው?› ትለኛለች፣ ያዘነች መስላ።»

«ሞጣ ላይስ?»

«የመጨረሻው ውድድር ነበር። የዚያ ልጅ ጎማ ዳገቱ ላይ ፈነዳ።»

«ታዲያ ልጅዎ አሸነፈ!»

«የት አባቱ ያሸንፋል! የኔው ጅል ጥሎት መሄድ ሲችል፣ ወርዶ ጎማ ሲለጥፍለት ቆየ። ተያይዘው መጨረሻ ገቡ፤ ዋንጫውን የሞጣ ልጆች ወሰዱት።»

«ውይ! ታዲያ ስለቱ መቼ ሰመረና ነው ጃንጥላ የሚያስገቡት?»

«ሰምሯል እንጂ፣ ልጄ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ የተሳልኩት የኔ ልጅ እንዲቀድም መቼ ሆነና? የሷ ልጅ እንዳይቀድም ነው።»

ጉልበቴ ላይ የተደገፈውን ጃንጥላ ቀስ አድርጌ ወደ እሳቸው መለስኩት።