በቀኝ አንጓ ላይ የታሰረ ቀይ ክር

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ቡዋቫን ሲሪቮንግ
ዕድሜ፦ 44
ዜግነት፦ ላኦሳዊት
ሥራ፦ ለብስክሌት ተጓዦች ምግብ አዘጋጅ
አድራሻ፦ ታይላንድ፣ ሙክዳሃን ከተማ፣ የባለቤቷ የአቶ ታዊሳክ መኖሪያ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ሳቫናኬት፣ የትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሶምቺት

ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። ትናንት ማታ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የፖሊስ አባላት የምስክሮችን ቃል ሲቀበሉ፣ ባለቤቴ አቶ ታዊሳክ «ሚስቴ መኪና ውስጥ ተኝታ ስለነበር ያየችው ነገር የለም» ብሎ በመናገሩ ሳልጠየቅ ቀርቻለሁ። አልተኛሁም ነበር። ከሱ ጎን ተቀምጬ ዓይኔን ከፍቼ ሁሉንም አይቻለሁ።

በአሁኑ ሰዓት በዚህ ጣቢያ ታስሮ የሚገኘው ካምፔት የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለቤቴ ከታይላንድ ተነስቶ በላኦስ በኩል እስከ ቬትናም የሚዘልቅ የብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት አለው። በላኦስ ምድር መንገድ መሪው የአገሩ ዜጋ መሆን ስላለበት፣ ሁለቱን አገሮች በሚለየው ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ተጓዦቹን የሚረከበው ካምፔት ነው። ለዚህ ሥራ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያኔ «የሚስቴ ወንድም ስለሆነ አይከዳኝም» ብሎ ነበር፣ ካምፔትም አልከዳውም።

በዚህ ጉዞ ላይ የነበሩት ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የባንኮክ ነዋሪዎች ናቸው። በታይላንድ በኩል ለሦስት ቀናት በብስክሌት በሰላም ተጉዘው ትናንት ጠዋት ብስክሌቶቹን በፒክአፑ ጭነን፣ እነሱም በሚኒባስ ተሳፍረው ድልድዩን ተሻገሩ። በቀጥታ ሳቫናኬት ወዳለው የእናቴ ቤት ወስደናቸው በግቢው ውስጥ የሚያጣብቅ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ አቀረብኩላቸው። ከምግብ በኋላ እናቴ እንደ ባህላችን ለመንገደኛ የሚደረገውን ምርቃት መርቃ በየእጃቸው ነጭ ክር አሰረችላቸው።

ካምፔት በዚህ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። በታይላንድ ተሽከርካሪ የሚሄደው በግራ ነው፤ እኛ ዘንድ በቀኝ ነው። ዕድሜ ልኩን በግራ የኖረ ሰው ደግሞ ሲደክመው እጁ ወደለመደው ይሄዳል። ስለዚህ ካምፔት ከነጩ ክር ሌላ ለእያንዳንዱ ሰው በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ብቻ ቀይ ክር ያስርለታል። ይህን ሲያደርግ እየዞረ የእያንዳንዱን ዓይን እያየ ነው የሚናገረው። ትናንትም «ግራችሁን ድልድዩ ማዶ ትታችሁ መጥታችኋል፤ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። እስከዚያ የሚመራችሁ ይሄ ቀይ ያለበት እጅ ነው። ከማደያም ስትወጡ፣ ከምሳም ስትነሱ መጀመሪያ ክሩን እዩ፣ ከዚያ መንገዱን» ብሏቸዋል። እኔ ሳህን እያነሳሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሟቹ አቶ ፕራሞት ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ነበሩ። ክሩ ሲታሰርላቸው «ሚስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ቀኝና ግራዬን ልታስተምረኝ ያልቻለችውን አንተ በክር ልትችለው ነው?» ብለው ቀለዱ። ካምፔትም «ጋሼ፣ ክሩ አይጮህብዎትም፤ ልዩነቱ እሱ ነው» አላቸው። እናቴ ሳትቀር ሳቀች። ባለቤቴ ግን በር ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ «ክርህን ቋጥረህ ጨርስ እንጂ፣ ሠርግ አደረግኸው እኮ» ይል ነበር።

ለእኔም ካምፔት ቀይ ክር አሰረልኝ። «እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ለምኔ?» ስለው «እትዬ፣ አንቺም እዚያ ማዶ ብዙ ቆየሽ እኮ» አለኝ። ነገሩን እንደ ቀልድ አለፍኩት።

የጉዞው ደንብ የታወቀ ነው። ካምፔት በብስክሌት ከፊት ይመራል፣ ተጓዦቹ ይከተሉታል፣ እኔና ባለቤቴ የምንሆንበት ፒክአፕ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ፒክአፕ ከፊት አይሄድም። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ ባለቤቴ ሲሆን በማስታወቂያው ላይም በፎቶ አስደግፎ አውጥቶታል።

በዚህ ሁኔታ በዘጠኝ ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ቆይተን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ከሴኖ መገናኛ ወዲያ ባለ አንድ ነዳጅ ማደያ ለዕረፍት ቆምን። ማደያው ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው በግራ በኩል የሚገኝ ነው። ከዚያ ወጥቶ ጉዞ ለመቀጠል መንገዱን አቋርጦ ወደ ማዶው መስመር መግባት ያስፈልጋል። ልንነሳ ስንል ወይዘሮ ዋራፖርን የምትባለው ተጓዥ የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ ተገኘ። ካምፔት ተንበርክኮ ጎማውን መፍታት ጀመረ።

ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ያለችውን ፀሐይ ይወዳታል። ማስታወቂያው ላይ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ በዚያች ሰዓት የተነሱ ናቸው። «ብርሃኑ አሁን ነው የሚያምረው፣ ቀድሜ ከፊት ሆኜ ልቅረጻቸው» አለ። ካምፔት ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ጨርሼ አብረን እንውጣ» አለው። ባለቤቴም «አንተ ጎማ ስትዳብስ ፀሐይዋ ትጠልቅብኛለች» ብሎ ሞተሩን አስነሳና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተጓዦቹን «ተከተሉኝ» አላቸው። ካምፔት ከኋላ «ጋሼ፣ ቆይ» ሲል ሰምቻለሁ። ባለቤቴም ሰምቷል፤ «ይሄ ልጅ ደግሞ አለቃ ሆነብኝ» ብሎኛልና።

ከማደያው ሲወጣ መንገዱን አላቋረጠም። በአገሩ እንደሚያደርገው ወደ ግራ ታጥፎ በቅርብ ባገኘው መስመር ገባ። ተጓዦቹም ተከተሉት። መኪናው የድርጅቱ ነው፣ የሚነዳው ባለቤቱ ነው፣ ተከተሉኝ ብሏቸዋል፤ ታዲያ ምን ያድርጉ? ከኋላው በቅርብ የተከተሉት አቶ ፕራሞት ነበሩ። ደካማ ስለነበሩ ነፋሱን መኪናው እንዲከልልላቸው ብለው ይመስለኛል።

እኔ ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። እዚያ ማዶ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁና ግራው ለእኔም ትክክል መስሎ ታየኝ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ አገዳ የጫነ ከባድ መኪና ፊት ለፊታችን ብቅ ሲል ነው የነቃሁት። «ታዊሳክ፣ መስመሩ!» አልኩ። እሱም መሪውን ጠምዝዞ ወደ ቀኝ አመለጠ። የእኛ ፒክአፕ አልተነካም። አቶ ፕራሞት ግን ፒክአፑ ከልሏቸው ስለነበር የጭነት መኪናውን ያዩት እኛ ከፊታቸው ዞር ካልን በኋላ ነው። የጭነት መኪናው አሽከርካሪ ፍሬን ይዟል፤ ጎማው ሲንጫጭ ሰምቻለሁ፤ ሳይገጫቸው መቆም ግን አልቻለም። እሱ ጥፋት የለበትም። የቀሩት ተጓዦች ከመንገዱ ወደ ሜዳው እየወደቁ ተረፉ።

ካምፔት በዚያን ጊዜ ማደያው ውስጥ ነበር። እየሮጠ ሲደርስ የወይዘሮ ዋራፖርን ጎማ በአንድ እጁ እንደያዘ ነበር። አቶ ፕራሞትን በፒክአፑ ጭነን ወደ ሳቫናኬት ሆስፒታል ስንመለስ እሱ ከኋላ ጭንቅላታቸውን ይዞ ተቀመጠ። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ሞቱ።

በሆስፒታሉ ፖሊስ መጥቶ «መንገድ መሪያቸው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ካምፔት «እኔ ነኝ» አለ። ባለቤቴ ግን ቀጠለበት። ፒክአፑ እንደ ደንቡ ከኋላ እንደነበረ፣ ስለ መስመሩም ተጓዦቹን ማንም እንዳላስጠነቀቃቸው በእነሱም ስም ሆኖ ተናገረ። ካምፔት ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እሱን አላየውም። እኔ በዚያን ሰዓት የሟቹን ሬሳ እንዳለብስ ነርሷ ጠርታኝ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ስመለስ ወንድሜ ተወስዷል። ተጓዦቹ አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠዋል፤ ባለቤቴ ደግሞ የምግብ ዕቃዬ ውስጥ የነበረውን መቀስ ይዞ ፊታቸው ቆሟል። «በዚህ አገር ልማድ ሰው ከሞተ በኋላ የጉዞ ክር አስሮ መቆየት አይቻልም፤ የሟቹ መንፈስ ይከተላችኋል» አላቸው። የባንኮክ ሰዎች ናቸው፣ ከየት ያውቁታል? ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉለት። ነጩንም ቀዩንም አንድ በአንድ ቆረጠና ኪሱ ከተተው። ወይዘሮ ዋራፖርን እያለቀሰች እንኳ አመሰገነችው። እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ክር አይቆረጥም፤ ቢያንስ ሦስት ቀን ይታሰርና በእጅ ይፈታል፣ ወይም በራሱ እስኪበጠስ ይተዋል። ባለቤቴ የተወለደው ወንዙ ማዶ ቢሆንም የሚናገረው የእኛኑ ቋንቋ ነው፤ እናቱም ክር ታስርለት ነበር። የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል።

ወደ እኔም መጥቶ «እጅሽን አምጪ» አለኝ። «የኔን ተወው፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አልኩት። ሰዎቹ እያዩን ስለነበር ተወኝ። ተጓዦቹ ድልድዩ ሳይዘጋ በዚያው ምሽት ወደ አገራቸው ተሸኝተዋል። ስለዚህ ዛሬ እዚህ መጥቶ እጁን የሚያሳያችሁ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ባለቤቴ ሲለምነኝ ነበር። ልመናውንም ልንገራችሁ። «ካምፔት የአገሩ ልጅ ነው። ጥቂት ወር ቢታሰር እናትሽ ምሳ ታመላልስለታለች። እኔ ግን የውጭ ዜጋ ነኝ፤ እዚህ ብታሰር ማን ምሳ ያመላልስልኛል?» አለኝ። እኔም «እኔ አመላልስልሃለሁ» አልኩት። ለማሾፍ አልነበረም፣ አደርገው ነበር። እሱ ግን ፊቱን አዙሮ «ለካ ሚስት ሳይሆን የካምፔትን እህት ነው ያገባሁት» አለ።

ይህን ቃል የምሰጠው ወንድሜን ለማዳን ብዬ እንደሆነ ለቀረበልኝ ጥያቄ፣ ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ የታሰረው ግን ያላጠፋው ነው የሚል መልስ ሰጥቻለሁ። በባለቤቴ መሳሳት አልፈረድኩበትም። መስመር መሳሳት በማንም ይደርሳል፣ እኔም አብሬው ተሳስቻለሁ። ሰውየው ሞቶ ሳለ የሰዎችን ክር ከእጅ እጅ እየዞረ መቁረጡን ግን ይቅር ልለው አልችልም። ከእንግዲህ በአንድ ማዕድ አብሬው አልቀመጥም።

የቃሌ ማስረጃ ምን እንደሆነም ተጠይቄአለሁ። ባለቤቴ ሬሳ ይፈራል። የገዛ አባቱን ሬሳ እንኳ ከሩቅ ሆኖ ነው የተሰናበተው። ትናንትም ተጓዦቹ የተቀመጡበት ድረስ በመቀሱ ሄዷል እንጂ አቶ ፕራሞት ወዳሉበት ክፍል አልገባም። ሳለብሳቸው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ቀዩ ክር ካምፔት እንደቋጠረው አንጓቸው ላይ አለ። ግራ እጃቸው ላይ ቀይ የለም። ሬሳው ዛሬ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ድልድዩን ተሻግሮ ለቤተሰባቸው ይሰጣል፤ እዚያ ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ይቃጠላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሄዳችሁ እንድታዩ እጠይቃለሁ። አጠገቡም የእኔን እጅ አድርጋችሁ አስተያዩት፣ ቋጠሮው አንድ ነው።

ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የገመትኩትን አልጨመርኩም። ገምቼ የተናገርኩት ስለ ነፋሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ግምት መሆኑን ገልጫለሁ። ቃሌ በምናገርበት ቋንቋ ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን ተቀብያለሁ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ የምጠየቅ መሆኑ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ከተጻፈው ውስጥ እንዲስተካከል የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከላይ አድራሻ በሚለው ቦታ የባለቤቴ ቤት ተመዝግቧል። ቃሉን መስጠት ስጀምር አድራሻዬ እሱ ነበር። አሁን ይሰረዝልኝ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቡዋቫን
የተስተካከለ አድራሻ፦ ሳቫናኬት፣ ከእናቷ ጋር
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሶምቺት
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40