አንድ ሰዓት ተኩል

ስሙኝማ፣ መምህሩ ልጄ ሳተርንን ከነቀለበቷ ለእናቱ ሊያሳይ ቴሌስኮፑን ግቢያችን ውስጥ ተከለ። ባለቤቴ በጠና ታማ ስለነበር ደግፈን አውጥተን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። መሣሪያውን የሚያዞረው ኮምፒውተር ነው፤ ሳተርን የት እንዳለች የሚያውቀው ሰዓቱ ሲነገረው ነው። «አባዬ፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። «አንድ ተኩል፤ የእኔ ሰዓት ዝንፍ አትልም» አልኩት። እንዳልኩት ጻፈ። ቴሌስኮፑ ቀስ ብሎ ዞረና መሬት ላይ አፈጠጠ። «መቀበሪያዬን እየመረጠልኝ ነው እንዴ?» ብላ ባለቤቴ ሳቀች።

ልጄ ሲነካካ ቆይቶ ድንገት ራሱን ያዘ። «ይሄ እኮ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው! ለእሱ አንድ ተኩል ውድቅት ነው፤ ያኔ ሳተርን ጠልቃለች።» እስኪያስተካክለው ሳተርን በገረሴ በኩል ካለው ተራራ ጀርባ ገባች። «ግድ የለም ልጄ፣ ነገ ታሳየኛለህ» አለችው እናቱ። በማግስቱ ቴሌስኮፑ በቆመበት ቦታ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ እስከ ዛሬ አፌ ይያዛል።