ያልረጠበው ምልክት

የነሐሴ ውሃ ደፍርሶ ሲጋልብ ሐጅ ኸለፋላህ እንደ ልማዳቸው ከወንዙ ዳር ግራር ሥር ተቀምጠዋል። አያታቸው በግንዱ ላይ የቀረጹት ምልክት ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይታያል። ውሃው ምልክቱን ሳይነካ ነጋሪት አይመታም፤ ነጋሪት ሳይመታ ደግሞ ከመንደሩ ማንም ወደ ኮረብታው አይሸሽም። ነጋሪቱ ያለው በሐጁ እጅ ነው።

የእህታቸው ልጅ መምህር ሙርተዳ ከቀብር ሲመለስ በዚያ አለፈ። መሃሉ የተበሳ ከባድ ድንጋይ ተሸክሟል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ዛሬ ደግሞ ድንጋይ ልታስተምር ነው?»

«የእማማ በቱልን መቃብር ስንቆፍር ወጣ። እርስዎ ጀልባ ነድተዋል፤ ምንድን ነው ይሄ?»

«የጀልባ መልሕቅ ነዋ!»

«ታዲያ መቃብር ቦታ ምን ይሠራል?»

«ሙታኑ ዓሣ ያጠምዱበት ይሆናላ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

«ዓባይ ድሮ የሚሄደው ከመንደራችን ጀርባ፣ በመቃብሩ በኩል ነበር፣ አጎቴ። ምልክቱ የተቀረጸው ወደዚህ ከዞረ በኋላ ነው። በየክረምቱ ከሐበሻ ደጋ የሚያመጣው አፈር አሁን ይህንን መውረጃውን ደልድሎታል። ሲጠበው ወደ ድሮ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ከፊት ስንጠብቀው እሱ ከኋላ ይመጣብናል።»

«አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ስንቱን ሰው አድነዋል! አንተ ትናንት ጡት የጣልክ...»

«አድነዋል፤ አልካድኩም። በእሳቸው ጊዜ ልክ ነበር።» ሙርተዳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባቢክርን ጎርፍ የወሰደው ቀን ውሃው ምልክቱን ነክቶ ነበር?»

ሐጁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲሸሹት ኖረዋል። ያን ቀን ልጃቸው ባቢክር «ከጀርባ ውሃ ይሰማኛል» ቢላቸው፣ «ምልክቱ ደረቅ ነው፤ ተኛ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ለለቀስተኛው ሁሉ «የአላህ ፍርድ ነው» ሲሉ ከረሙ። አሁን ለመምህሩ እሺ ካሉ፣ ልጃቸውን ያስተኛው ማን እንደሆነም ማመናቸው ነው።

«አልነካም» አሉ በመጨረሻ። «ደረቅ ነበር።»

ተነሥተው ቤት ገቡና ነጋሪቱን አውርደው መቱ። ሴቶቹ «ሐጁ ጃጁ!» እያሉም ቢሆን ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮረብታው ሮጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው በመቃብሩ በኩል ገብቶ የጭቃ ቤቶቹን አንድ ባንድ ናዳቸው። የግራሩ ምልክት ያን ጊዜም አልረጠበም። ሰው ግን አልሞተም።

ልማድ ሲወለድ ምክንያት አለው፤ ወንዙ ተለውጦ ልማዱ ባለበት ሲቀር ግን ማዳኑ ይቀርና መግደል ይጀምራል። ዛሬ መንደሩ ኮረብታው ላይ ነው። ምልክት በፊትም በጀርባም ተተክሏል፤ ውሃውን ቀድሞ ያየ፣ ሴትም ትሁን ልጅ፣ ነጋሪቱን ይመታል። በየክረምቱ እናቶች መጥተው «ልጆቻችንን አተረፉልን» እያሉ የሐጁን እጅ ሊስሙ ይሻማሉ።

እሳቸው ግን እጃቸውን ይነጥቃሉ። «ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነው የመታሁት» ይላሉ።