የሚጠራ ሰው

አሰላ ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ለመጋዘን ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ቀረብኩላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ መልስ ስለማመድ ነው የሰነበትኩት። የጠየቁኝን ሁሉ ሳልንተባተብ መለስኩ። ሰብሳቢው ፈገግ አሉና፣ "ተቀብለንሻል፤ ይሄን ፎርም ሙይ" አሉኝ። እየሞላሁ ሄጄ መጨረሻው መስመር ላይ እጄ ቆመ። "አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ" ይላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አገሬ በቆጂም ሆነ እዚህ ሰው የለኝም። ጸሐፊዋ "ባዶ መተው አይቻልም፣ እህቴ" አለችኝ። ስልኬ ውስጥ ስፈልግ "አከራይ" የሚል አገኘሁ።

ከአከራዬ ጋር ስምንት ወር አንድ ግቢ ስንኖር እኔ "እማማ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "የበቆጂዋ" ይሉኛል፤ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

"እማማ፣ ስምዎ ማን ነው? አንድ ነገር ብሆን እርስዎን እንዲጠሩ ላስመዘግብዎ ብዬ ነው።"

አፍሬ ልዘጋው ስል፣ "ከድጃ ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። "ያንቺስ? ሲደውሉልኝ ለማን ብዬ ልምጣ?"

"ትዕግሥት እባላለሁ" አልኳቸው። እንዳይረሱት ነው መሰለኝ፣ "ትዕግሥት፣ ትዕግሥት" ብለው ደጋገሙት። እኔም በረንዳው ላይ ቆሜ ሁለቴ "አቤት" አልኩ።