የአለሙ ደም በንፋስ መውጫ ችሎት

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ ሙግት የሌለበት ሰው ሰው አይባልም ነበር። ሰዉ ርስቱን ይሟገታል፣ ድንበሩን ይሟገታል፣ ሥራ የፈታውም የሌላውን ሙግት ሊሰማ ከችሎት ደጅ ይውላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። የአጎቴን ሙግት ከሰማሁ ወዲህ ግን ለወሬ ብዬ ችሎት ደጅ ቆሜ አላውቅም። ጻፊው፣ ጻፊው፤ እኔ እንደመጣልኝ ነው የምናገር።

አጎቴ ባላምባራስ ውበቱ የእናቴ ወንድም ነው። አርበኛ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ አምስቱንም ዓመት ዱር ነው የከረመ። እና በሠርግም በተዝካርም እሱ ለፉከራ ሲነሳ ታች ጋይንት ሁሉ ጸጥ ይላል። የማይፈራ ሰው ነበር፣ እንዲያው በደፈናው የማይፈራ!

ታዲያ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ክረምት አልፎ፣ ገብስ አጨዳ ላይ ሳለን፣ ከንፋስ መውጫ የችሎት መልእክተኛ መጣ። ‹ባላምባራስ፣ ጥሩነሽ የምትባል የስማዳ ሴት የባሌን ደም ብላ ከሳዎታለችና ይቅረቡ› አለው። እኔ ክው አልኩ። እሱ ማጭዱን እንደያዘ ቀና አለና፣ ‹የማን ሚስት ናት?› አለ።

‹የአለሙ።›

‹የአለሙ? የባንዳው?› አለና ሳቀ፣ እና አጨዳውን ቀጠለ። እንዲህ ነው የጀመረው፤ በሳቅ ነው የጀመረው።

እኔ ዋስ ልሆነው ተከትዬው ሄድኩ። ስንደርስ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ ቆማለች፣ ልጇ ከጎኗ አለች። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ናት፤ ታጭታ ነበር አሉ፣ የልጁ ወገኖች ‹የባንዳ ዘር ከቤታችን አይገባም› ብለው አፈረሱት። ሙግቱን ያመጣውም ይኸው ነው። ዳኛው የጎንደር ከተማ ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ቃሉን እያላመጠ የሚናገር። ‹ባ-ላም-ባራስ፣ አለሙን… ገድለዋል… ወይስ አልገደሉም?› አለው።

‹ገድያለሁ!› አለ አጎቴ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ። ‹በሽሎ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ አቁሜ ገድያለሁ። አለቃዬ ባንዳ ነው ግደለው አለኝ፣ ገደልኩት። ባንዳ መግደል ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስከስስ?›

ሰዉ ‹አበጀህ!› አለ። እኔም ብያለሁ። አለቃው እንዳይጠየቅ ጣሊያን ሳይወጣ ሞቷል። ታዲያ እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ በቅሎዎቹን ላሰናዳ ልወጣ ስል፣ ሴትዮዋ ምስክር ጠራች። ቄስ ሞላ ናቸው፤ የታወቁ ካህን ናቸው፣ ሐሰት ከአፋቸው አይወጣም።

‹ጌታዬ› አሉ ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው፣ ‹አለሙ ከጣሊያን ቤት ይበላ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የጣሊያን ጦር የሚወጣበትን መንገድ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለአርበኛው እልካለሁ። አንድ ጊዜ እነባላምባራስ ዋሻ ውስጥ ሳሉ ሊከበቡ ነበር። አለሙ ነው ያዳናቸው። ይህ ሰው ዛሬ ቆሞ የሚሟገተው በአለሙ ነው።›

ወዲያው ፊቴን ወደ አጎቴ አዞርኩ። እሱ ደግሞ ቄሱን ያያል። ‹ከዋሻው ውጡ የሚለው መልእክት… ከእሱ ነው?› አለ። ‹ከእሱ ነው ልጄ› አሉት። ‹አለቃችን ያውቅ ነበር?› ‹ማን እንደላከው ለማንም አልተናገርኩም፤ ቢወራ ጣሊያን ይሰቅለዋል ብዬ።›

ይገባሻል? ሊያድኑት የሸሸጉት ነገር ነው የገደለው። ወይም እኔ እንዲያ መሰለኝ። ምክንያቱም ወዲያው የአጎቴ ምስክር ተነሳ፣ አያ ደርሶ የሚባል የወገዳ ገበሬ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚናገር፣ ‹እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!› አለ። ‹አለሙ ከጣሊያን ጦር ፊት ፊት ሲሄድ፣ በዱላው መንገድ ሲያሳይ፣ በእነዚህ ዓይኖቼ! መንደራችንን አስቃጠለው!›

ዳኛው ግራ ገባው። ‹አንድ ሰው ነው ሁለት ሰው?› አለ። ‹ሁለት አለሙ አለ እንዴ?›

‹አንድ ነው ጌታዬ› አሉ ቄስ ሞላ። ‹ጦሩ ወደ ዋሻው እንዳይሄድ ነው ወደ ደርሶ መንደር የመራው። መንደሩ ሸሽቷል፣ ባዶ ነው ብሎ ነው።›

‹ባዶ?› አለ ደርሶ። አሁን ጩኸቱ የለም፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። ‹ባዶ? እናቴ ነበረች እኮ። እግሯ አልሄድ ብሏት እቤት ነበረች እኮ አባቴ።›

ኧረ ልጄ! ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ‹የአለሙ ሬሳስ የት ነው?› አለ።

አጎቴ ዝግ ብሎ፣ ‹ገደሉ ሥር ነው። በማግስቱ ወረድኩና ድንጋይ ከመርኩበት፣ ጅብ እንዳይበላው› አለ።

ይኼኔ ሴትዮዋ ዞር አለች። አልጮኸች፣ አልተሳደበች። ‹ባላምባራስ› አለችው፣ ‹ባንዳ ነው ካሉ፣ ለምን ከጅብ ሸሸጉት?›

አጎቴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። እኔ ‹በል እንጂ፣ መልስ እንጂ› እላለሁ በሆዴ። ‹ሲሞት ማርያምን ጠራ› አለ። ‹እሷን የምንጠራት እኛ አርበኞቹ ነበርን። እና… አላውቅም። ባንዳ ይሁን አይሁን አላውቅም። ተባልኩ፣ ገደልኩ። እነሆ፣ ፍረዱብኝ።›

ዳኛውም አልፈረደ። ‹በጦርነት በአለቃ ትእዛዝ የገደለን አልቀጣም፤ ሟቹንም ባንዳ ነው አልልም፣ አይደለምም አልልም። ሴትዮዋ አፅሙን ታንሳ› ብሎ ተነሳ። ደጅ የቆመው ሰው ‹ማን ረታ? ማን ረታ?› ይለኛል። እኔ እንጃ! እስከዛሬም እንጃ!

ታዲያ በሽሎ ወረድን። አጎቴ ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳ፣ ማንንም አላስነካ። ሴትዮዋ አፅሙን በነጠላዋ ተቀበለች፣ እና ከቄስ ሞላ ደብር አግብተን እሳቸው ፍትሐት ፈቱት። ደርሶም መጣ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያለቅሳል። ለማን እንደሚያለቅስ አልገባኝም፤ ለአለሙ ነው እንዳልል አለሙን ይረግመዋል፣ ሊረግም ነው የመጣ እንዳልል አፈር ሲመለስ ቆሞ አብሮን ‹ነፍስ ይማር› አለ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ወደ ልጅቷ እጮኛ አባት ቤት ሽማግሌ ሆኖ ሄደ። ገዳዩ ነው እኮ ሽማግሌ የሆነ፣ እንዲህ ያለ ታይቶ ያውቃል? ‹የገደልኩት እኔ ነኝ። ባንዳ ነው ብዬ መማል ካቃተኝ፣ እናንተ በምን ትምላላችሁ?› አላቸው። ሰውየውም ልጅቷን ለልጁ ተቀበላት። ወለደች፣ ከበደች። አጎቴ ግን ፉከራ ተወ። ግብር ላይ ‹ተነሳ እንጂ ባላምባራስ!› ሲሉት ‹ጉሮሮዬን አሞኛል› ይላል። ጉሮሮውን አሞት አያውቅም።

አንዳንዴ አለሙ ጻድቅ ነበር እላለሁ። ደግሞ ያች እግሯ አልሄድ ያላት አሮጊት ትመጣብኛለች፣ እተወዋለሁ። እንግዲህ አንቺ የተማርሽው፣ ፍረጂ እስቲ፤ ማን ነው ትክክል?

— እኔ ምን አውቃለሁ አባባ። ግን… የደርሶ እናት የት ተቀበሩ?

የደርሶ እናት? የደርሶ እናት… ቆይ እስቲ። እሱን እኮ… ዳኛውም አልጠየቀ። ቄስ ሞላም አልጠየቁ። የአለሙን አፅም ተሸክመን በዚያ በተቃጠለው መንደር በኩል ነው እኮ ያለፍነው፣ አሁን ስትጠይቂኝ ነው የታየኝ። ደርሶም ሞቷል። ማን ይነግረናል ልጄ?